«ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን»

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን ስጽፍ እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

ታላቅ እህቴን፣ እታለምን፣ አዲስ አበባ ላይ ስንቀብር ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። ሆዷ ሲነፋ ጨጓራ ነው ተባለ፤ ቀሚሷ ሲጠባት «ወፈርሽ» እያልን ሳቅንባት። የእንቁላል እጢ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ሆዷን ሁሉ አዳርሶት ነበር። የማርታን ወቀሳ ይዤ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ማርታ እንኳን ቀጥላ «አሁንም ከእግዚአብሔር የምትለምነውን ሁሉ እግዚአብሔር እንዲሰጥህ አውቃለሁ» ብላለች፤ እኔ እዚያ ድረስ አልሄድኩም። ጉባኤው ሲዘምር ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት የቴኒስ ወሬ ከተነሳ ምግባቸውንም ይረሳሉ፤ ይልቁንም የቀድሞዋ ሻምፒዮን የክሪስ ኤቨርት። ራኬት ጨብጬ የማላውቀው ሴት፣ መድኃኒት ሳቀርብ ብቻ፣ በነጠላ ያገኘቻቸውን 18 የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) ዋንጫዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1979 በሸክላ አፈር ሜዳ ላይ ሳትሸነፍ ያደረገቻቸውን 125 ግጥሚያዎች፣ በ1989 መሰናበቷን ሁሉ አጠናሁ።

አንድ ቀን ስለ እህቷ ስለ ጂን አወሩኝ። እርሷም ቴኒስ ተጫዋች ነበረች፤ በ2020 በዚያው በእታለም በሽታ ሞተች። በደሟ የተገኘው በዘር የሚተላለፍ ለውጥ አደገኛ መሆኑ ዘግይቶ ሲረጋገጥ ክሪስም ተመረመረች፤ ቢአርሲኤ 1 የሚባለው፣ ለጡትና ለእንቁላል እጢ ካንሰር የሚያጋልጠው የዘር ለውጥ ተገኘባት። ለጥንቃቄ ብላ በ2021 መጨረሻ ማህፀኗን የማስወጣት ቀዶ ጥገና ስታደርግ ካንሰሩ ገና በጅምሩ ተያዘ። እህቷ ናት ያተረፈቻት። አሮጊቷ ማንኪያውን መልሰው አስቀመጡና «የአንቺስ እህት በምን ነበር የሞተችው?» አሉኝ።

ተመረመርኩ፤ ተገኘብኝ። እኔም ለጥንቃቄ ቀዶ ጥገና ለማድረግ ቀጠሮና የኢንሹራንስ ደብዳቤ ስጠብቅ ሰባት ወር አለፈ።

የቀዶ ጥገናው ዋዜማ ግን አላልፍ አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም እንዳልቀምስ ታዝዣለሁ፤ አፌ ደርቋል፣ እግሬ በሁለት ካልሲ አልሞቅ ብሏል። በሐኪም ቤቱ ሳሙና ታጥቤ የእታለምን ነጠላ ለበስኩ፤ እርሷ ስትታመም ታደርግ እንደነበረው ሆዴን በእጄ ስጫን ራሴን ያዝኩት። ልጸልይ ተንበረከክሁ፣ የወጣኝ ቃል ግን ጸሎት አልነበረም። «እርሷን ዝም ብለህ አየሃት። እኔን ከእርሷ በምን ልትለየኝ ነው? እርሷ ከእኔ ይልቅ ትወድህ ነበር» አልኩት። እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። ድምፄን የሰሙት አሮጊት በምርኩዛቸው እየተጎተቱ መጡ፤ ምንም ሳይጠይቁ የ1985ቱን የሮላንድ ጋሮስ (የፓሪሱ የቴኒስ ውድድር) ፍጻሜ በቪዲዮ ከፈቱልኝ። ዓመት ቀደም ብሎ ተቀናቃኟ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ኤቨርትን እዚያው ሜዳ ላይ 6 ለ 3፣ 6 ለ 1 ረትታታለች። ኤቨርት ያኔ 30 ዓመቷ ነው፣ አበቃላት ተብሏል። በሦስተኛው ዙር 5 ለ 5 ሲደርሱ አሮጊቷ እጄን ጨበጡ፤ ውጤቱን ለ40 ዓመት ያወቁት ሰው! በኤቨርት አሸናፊነት 7 ለ 5 ሲያልቅ ሁለቱ ተቀናቃኞች መረቡ ላይ ተቃቀፉ። ያን ጊዜ እታለም እንጀራ ስትጋግር የምታንጎራጉረው መዝሙር ሳልጠራው ከአፌ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በድምፄ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» እያልኩ ነጋ።

የጸሎት ቡድናችን እህቶች ሦስት ቀን ጾማችሁልኛል፤ ጌታ ብድራችሁን ይክፈል። በአማርኛ እያስረዳሽ እስከ ቀዶ ጥገናው በር የሸኘሽኝ ነርስም፣ ስምሽን ባልጽፍ ራስሽን ታውቂያለሽ።

ውጤቱ በስልክ መጣ። በአንደኛው የማህፀን ቱቦ ጫፍ ላይ ካንሰር ጀምሮ ነበር፤ ከቦታው ግን አልወጣም። ኬሞ አያስፈልግም፣ ክትትል ብቻ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ ጮህኩ፤ አሮጊቷ አማርኛውን ባይሰሙም ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ጨዋታ እየተካሄደ ሲያጠፉ ያን ቀን ብቻ አየሁ።

ኤቨርት በ2023 መጨረሻ ካንሰሩ ተመልሶባት እንደነበር ካወቅሁ ወዲህ ስሟን በጸሎት ዝርዝሬ ጽፌያለሁ። ከእርሷ በላይ የእታለም ሁለት ሴት ልጆች አሉ፤ ለውጡ በእናታቸው ከነበረ፣ እያንዳንዳቸው የመውረሳቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ታላቂቱ ለመመርመር እሺ ብላኛለች፤ ታናሺቱ ግን የእናቷን ነገር ሳነሳ ስልኩን ትዘጋብኛለች። ጸልዩልኝ፣ ስሟን ጌታ ያውቀዋል።