ቴራፒ ስጀምር መጀመሪያ ያወራነው ስለ ገንዘብ ነው

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐበሻ የሞላበት ሰፈር። ቴራፒስት ስፈልግ አማርኛ ተናጋሪ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሐሙስ ገበናዬን የነገርኳትን ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማግኘት አልፈለግኩም። ከእኛ ሰው ውጭ ፈለግኩ።

የፈለግኩት ሳይኮአናሊቲክ የሚባለውን፣ ያለፈ ሕይወትንና ሳናውቀው የሚነዳንን ነገር በንግግር የሚመረምረውን ነው። አተነፋፈስ መለማመድ፣ ሐሳብን መመዝገብ ያለበትን ዓይነት ቀደም ሲል ሞክሬው ነበር፤ እንቅልፌን አስተካክሎልኛል። አለቃዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ምላሴ ለምን እንደሚተሳሰር ግን አልገባኝም።

ኢንሹራንሴ የላከልኝ ዝርዝር ላይ ያሉት ወይ ቦታ የላቸውም፣ ወይ ይህን አይሠሩም። ከተማው ውስጥ ወዳለ የሳይኮአናሊሲስ ማሠልጠኛ ደወልኩ። እንዲህ ያሉ ተቋማት በሥልጠና ላይ ካሉ ቴራፒስቶች ጋር በዝቅተኛ ክፍያ ያገናኛሉ፤ ኪሱ ለሳሳ ሰው ጥሩ በር ነው። ለእኔ የራሷን ቢሮ ከፍታ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ጠቆሙኝ። ሳልደውልላት በፊት የሥራ ፈቃዷን በስቴቱ ድረ ገጽ አየሁ። በነፃ ነው፤ አትዝለሉት። «ሳይኮአናሊስት» መባል ብቻውን በብዙ ስቴቶች ፈቃድ አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ስለ እናቴ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ያወራነው ስለ ዋጋ ነው። ለ45 ደቂቃ 200 ዶላር፣ በሳምንት ሁለቴ። ይሉኝታ አንቆ ያዘኝ። ዝም ስል ጊዜ ራሷ «ስንት ቢሆን ሳትጨናነቅ መቀጠል ትችላለህ?» አለች። 130 ላይ ተስማማን። ብቀርም እከፍላለሁ።

ይህ የቀረሁበትን የመክፈል ነገር መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። ለካ የቆየ ልማድ ነው። የሳይኮአናሊሲስ መሥራቹ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ሕክምናው አጀማመር ሲጽፍ፣ ሰዓቱ የታካሚው ነው፣ ባይመጣም ይከፍላል ብሏል። ሰዎች ገንዘብን እንደ ወሲብ ጉዳይ በኀፍረት ይሸፋፍኑታል፣ ሐኪሙ ግን በግልጽ ያውራው ይላል። እዚያው ላይ ታካሚውን ሶፋ ላይ የሚያስተኛበትን አንድ ምክንያት ሲናገር፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሰው ሲያፈጥብኝ መዋል አልችልም ይላል። ይቺን ወደድኳት። እኔ ለጊዜው ወንበር ላይ ነኝ።

ከራስ ለሚከፍል ሰው ሕጉም ያግዛል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚጠበቀውን ወጪ አስቀድሞ በጽሑፍ የማግኘት መብት አለ። ሒሳቡ ከተጻፈው በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ መከራከር ይቻላል። በየወሩ ደግሞ ቴራፒስቴ ሱፐርቢል የሚሉትን ደረሰኝ ትሰጠኛለች። ለኢንሹራንሴ እልካለሁ፤ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እኔ ከኪሴ የምሸፍነው መጠን፣ ሲያልቅ ከፊሉ ይመለስልኛል። ደረሰኙ ላይ የሕመሙ መለያ ኮድ ይጻፋል። እናንተም ምን እንደሚጻፍ ጠይቁ። እኔ ጠይቄያለሁ፤ ቁጭ ብለን አብረን አየነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወሬ ነው። ወደ አእምሮህ የመጣውን ሁሉ ተናገር ትባላለህ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። እኔ ገና እንደተቀመጥኩ ሰላምታ አበዛለሁ፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ ቤተሰብ ደህና? ፈገግ ትላለች፣ ቤተሰቧን ግን አታነሳም። አንድ ቀን «እኔን ካላረጋጋህ በቀር ስለ ራስህ መጀመር አትችልም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያችው ቅናሽ ነው። ዋጋ ከቀነሰችልኝ በኋላ ምስጋና በምስጋና ሆንኩ። ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ብታረፍድ «ችግር የለም»። ነሐሴን በሙሉ ለእረፍት ስትዘጋም «ችግር የለም»፤ እዚህ ብዙዎቹ ነሐሴን ይዘጋሉ። ስትመለስ «ስለቀነስኩልህ ልትቆጣኝ የማትችል ይመስልሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጣልኝ አጎቴ ነው። ትምህርት ቤት የከፈለልኝ እሱ ነው፤ ፊቱ ቀና ብዬ አልናገርም ነበር። አለቃዬም ሥራውን የሰጠኝ በውለታ ነው። ሁለቱን አያይዣቸው አላውቅም ነበር።

አሁን ገና እዚያው ላይ ነን። ባለፈው ከጥር ጀምሮ ዋጋ እንደምትጨምር ስትነግረኝ፣ «ተናድጃለሁ» አልኳት። ሰዓታችን በሙሉ በዚያው አለቀ። ጭማሪው ግን አልቀረልኝም።