ጋሼ ያልሰሙት ደወል

ጎንደር ውስጥ የኢኢጂ ቴክኒሻን ነኝ፤ የአንጎልን ሞገድ በሚቀዳው ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ሁሌ የምናየው የታመመ ሰው ስለሆነ የጤነኛ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ዓይናችን በደንብ አልለመደውም ነበር። እናም ፈቃደኛ ጤነኞችን እያስተኛን እንቅዳ ተባባልን። መጀመሪያ እሺ ያሉኝ የአምቡላንስ ሾፌራችን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው።

ኅዳር 11 ማታ መጡ። ጭንቅላታቸውን በሜትር ለካሁ፣ ቆዳውን ጠረግሁ፣ ኤሌክትሮዶቹን አንድ በአንድ በፔስት ለጠፍኩ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሽቦ ተሸክሜ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭልጥ አሉ።

በማግስቱ ለማንበብ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ የሚነበበው በ30 ሰከንድ እየተከፈለ ነው፤ የስምንት ሰዓቱ 960 ገጽ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደስ ይላል። ዓይን ሲከደን የሚታየው በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመታው አልፋ ቀስ እያለ ይጠፋል፣ ከዚያ ስፒንድል የሚባሉት መሀላቸው ወፈር፣ ጫፋቸው ቀጠን ያሉ ፈጣን ሞገዶች ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ ደግሞ የጥልቅ እንቅልፍ ትልልቅ ዝግተኛ ሞገድ ይመጣል። በ90 ደቂቃ ገደማ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ማሽኑ 3 ሰዓት ሲል፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ነገሩ ተለወጠ። ከፍ ያለ ሹል የሚመስል ሞገድ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ረቂቄ ላይ «የሚጥል በሽታ ምልክት ይመስላል» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቀዘቀዘ። ሰውየው ሾፌር ናቸው። መንጃ ፈቃዳቸው እንጀራቸው ነው። ደግሞ በእኛ አገር ይሄ ስም አንዴ ከወጣ ምን እንደሚከተል እናውቃለን፤ ዛሬም ድረስ የወደቀ ሰው ሲያዩ ክብሪት የሚጭሩበት አሉ።

ረቂቁን ለዶክተራችን አሳየኋቸው። አልተቆጡም። «ስፋቱን ለኪው» አሉኝ። ለካሁ፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ነው። የሚጥል በሽታ ሹል ሞገድ ግን ከ200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ አያልፍም። ከኋላውም ስፒንድል ተከትሎታል። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ሌሊቱን ምን ይሰማ ነበር?»

ከሞገዱ ጋር አብሮ የተቀዳውን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቼ ነበር የማየው። ስከፍተው ደነገጥኩ። ለካ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው! ደወል፣ ሞገድ። ደወል፣ ሞገድ። ሁሌም አይደለም፣ ግን ብዙውን ጊዜ። እኔ ራሴ ያን ሌሊት ሻይ እየጠጣሁ ማኅሌቱን በማይክራፎን ስሰማ ነበር፤ ከሞገዱ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ሞገዱ ኬ-ኮምፕሌክስ ይባላል፤ እነ ሉሚስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ1930ዎቹ የለዩት የጤነኛ እንቅልፍ ሞገድ ነው። ራሱም ይመጣል፣ ድምፅም ይቀሰቅሰዋል።

«ጋሼ፣ ሌሊት ደወል ሰምተዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን ደወል? እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት። ማኅሌቱ እንኳ አመለጠኝ!»

ረቂቁን ቀድጄ ጣልኩት። አሁን ድምፁን ሳልከፍት አንድም ገጽ አላነብም፤ የውሻ ጩኸት፣ የባጃጅ ጥሩንባ፣ የበር መዘጋት፣ ሁሉንም ከነሰዓቱ እጽፋለሁ።

ሌላ ቀን ጋሼ ደግመው ተኙልኝ፣ እኔም አስፈቅጄያቸው ነበር። ስፒንድሉ እስኪታይ ጠበቅሁና በእስክሪብቶ በሩን አንዴ ብቻ መታሁ። ግማሽ ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ተነሣ፣ ስፒንድሉም ተከተለው። ጋሼ ጣታቸውን እንኳ አላነቃነቁም።