የሰብታይትል ልምምዴ፣ ስድስተኛ ሳምንት፦ «ሦስት ሰዓት» በየት በኩል ነው?

እንዴት ሰነበታችሁ? የአማርኛ ሰብታይትል (ከፊልሙ ሥር የሚነበብ ትርጉም) እየጻፍኩለት ያለሁት ያው «ሜምፊስ ቤል» ነው፤ ዊሊያም ዋይለር በ1944 የሠራው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጉ የአንድ አሜሪካዊ አውሮፕላን ሠራተኞች የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም (ዓመቶቹን በፈረንጅ አንብቡልኝ)። 45 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ 31ዱን ጨርሻለሁ። ቢ-17 የሚባለው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ እየገቡ፣ በ16 ሚሊሜትር የቀለም ፊልም የቀረጹት ነው። ከዋይለር ቡድን አንዱ ሃሮልድ ታነንባም በ1943 የተሳፈረበት አውሮፕላን ተመትቶ ሞቷል። ይህን ካወቅኩ በኋላ አንዲት መስመር እንኳ በግዴለሽነት መጻፍ አልቻልኩም።

የዚህ ሳምንት ፈተና አውሮፕላኑ ውስጥ የሚሰማው የእርስ በርስ ንግግር ነበር። አሥር ሰዎች ናቸው። አንዱ አፍንጫው ላይ፣ አንዱ ጅራቱ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከሆዱ ሥር እንደ ኳስ በተንጠለጠለች ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጣጥፎ ይተኩሳል። አብዛኞቹ አይተያዩም፤ የሚያገናኛቸው ጆሯቸው ላይ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ አቅጣጫውን በሰዓት ይጠራሉ። ፊት ለፊት 12፣ ቀኝ 3፣ ጅራት 6፣ ግራ 9።

እኔም ቀጥታ «ሦስት ሰዓት ላይ!» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አባዬን አስቀምጬ አሳየሁት።

«ጠዋት ነው እንዴ የሚዋጉት?» አለኝ።

አቅጣጫ መሆኑን አስረዳሁት። ዝም ብሎ አሰበና የእጅ ሰዓቱን ዘረጋልኝ። «ታዲያ ሦስት ሰዓት ይኸው በግራ ነው» አለ፣ በጣቱ 9 ቁጥር ላይ እየነካ። ልክ ነው! የሱ ሰዓት እንደ ብዙዎቻችን በፈረንጅ የተሞላ ነው፤ አጭሩ ዘንግ 9 ላይ ሲደርስ እኛ ሦስት ሰዓት እንላለን። ስለዚህ በኔ ጽሑፍ ከቀኝ የሚመጣው ከግራ ሆነ፣ «12 ሰዓት» ያልኩት ደግሞ ዘንጉ 6 ላይ ስለሆነ ከፊት የመጣውን ጠላት ወደ ጅራት ወሰድኩት። ውጊያውን በሙሉ ገልብጬዋለሁ ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ጨምሬ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ግን ሰዓቱን በሐበሻ የሞላ ሰው ደግሞ እንደገና ይገለበጥበታል። በመጨረሻ ሰዓቱን ተውኩት። አሁን «ከቀኝ!»፣ «ከፊት፣ ከላይ!»፣ «ከጅራት!» ነው የሚለው። የሙያቸው አነጋገር ለዛ በመጥፋቱ ያሳዝነኛል፣ ነገር ግን መስመሩ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው የሚቆየው፤ በዚያች ጊዜ ተመልካቹ የት ማየት እንዳለበት ከማወቁ የሚበልጥ ነገር የለም።

«አንተ» ይሁን «እርስዎ» የሚለውም አስጨንቆኝ ነበር። ካፒቴኑ ሮበርት ሞርጋን አለቃቸው ነው፣ ግን ያኔ ገና 24 ዓመቱ ነው። ድምፆቹን ራሳቸው ሰዎቹ አሜሪካ ከተመለሱ በኋላ ሆሊዉድ ውስጥ ነው የቀዱት። ያለፉበትን ነገር፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እንደገና ሲናገሩት ማለት ነው። ደጋግሜ ስሰማቸው ወንድማማቾች ነው የሚመስሉኝ፤ «አንተ» አልኩት።

አንድ ቦታ ሌላ ቢ-17 ተመትቶ እየተሽከረከረ ይወርዳል። እነሱ ደግሞ እያዩ ፓራሹት ይቆጥራሉ። («ጃንጥላ» ብዬ ነበር፣ ዝናብ አስታወሰኝና ቀየርኩት።) ውስጥ ለቀሩት «ውጡ! ዝለሉ!» ብዬ ጻፍኩ፤ አማርኛው እዚህ ጋ ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ነው። መጀመሪያ ላይ ባዶ እንዳይሆን ጽሑፉን ጎትቼ አስረዝሜው ነበር። ትናንት ማታ ቆረጥኩት። አሁን እዚያ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፤ አውሮፕላኑ ብቻ ይወርዳል።