«ለገሃር»ን ትቼ «ሞክሼ ፈላጊ» ያልኩበት ምክንያት

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። የማላውቀው ሰው ፕሮጀክቴን ፈልጎ አግኝቶ ጻፈልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ኮዱ ያው የድሮው ነው፤ የቀየርኩት ስሙን ብቻ ነው።

አጀማመሬን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከዩቲዩብ ተማርኩ። ቀጥዬ አንዲት ትንሽ ላይብረሪ ሠራሁ፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራቸው ውስጥ የሚያስገቧት ዝግጁ ኮድ ናት። ሰው «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውንም ታመጣለታለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ኮዱ ሁለት ወር ፈጀ፤ ስሙ ግን ዓመት ሙሉ አንገላታኝ።

መጀመሪያ «ደቻቱ» አልኳት፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዛችን ነው። ቃሉን ስፈልገው የመጣልኝ የ1998ቱ ጎርፍ ነው። ድሬ ያለቀሰችበትን ነገር የሶፍትዌር ስም ማድረግ ከበደኝ፤ በማግስቱ ተውኩት።

ቀጥሎ «ለገሃር» አልኳት፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ይህችን ከተማ የወለዳትም እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው ሐዲድ ነው። ስሙን ወደድኩት፤ ሰው ሲጠይቀኝ በኩራት ነበር የምናገረው። ግን ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

ምክንያቱ የገባኝ ታይዋን ገበያ፣ ስልክ የሚጠግን ጓደኛዬ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው። «አቦ፣ እስቲ ልየው» ብሎ ስልኩን አነሳና «ለገሐር» ብሎ ጻፈ። የእኔ በ«ሃ» ነው። አጠገቡ ያለው ልጅ ደግሞ በ«ሀ» ጻፈው። ለሁለቱም የመጣላቸው የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። የእኔ የለም።

ልጆቹ አልተሳሳቱም። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስንናገራቸው አንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ግን ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ላይ ነው የተቀመጡት፤ ለኮምፒውተር አይተዋወቁም። እንግዲህ አንዱ ስሜ ስድስት አጻጻፍ ነበረው ማለት ነው። «ፀሐይ» ብያት ቢሆን ፀ ወይም ጸ ሲጨመርበት አሥራ ሁለት ይደርስ ነበር። የእኔ ላይብረሪ ይህንን ትፈታለች፤ ግን ሰው መጀመሪያ ሊያገኛት ይገባል። ያን ቀን በእግሬ ነው ቤት የገባሁት፤ ባጃጅ መያዝም አላሰኘኝም።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ ጠንካራ ነው። የአማርኛ ፕሮጀክት የምትሰይሙ ሰዎች፣ የሀ፣ የሰ፣ የአ እና የጸ ቤተሰብ ያለበትን ስም ተዉት። ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። ኮዳችንን የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ፣ የፕሮጀክት ስም በግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል ላቲኑንም አስቡበት። «ቀ»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። «ጸ»ም እንደዚያው ነው።

ብቻውን የቆመ የታወቀ ቃልም አይበጅም። ጀሚናይ የሚባል ቀላል የኢንተርኔት ፕሮቶኮል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ (ኤአይ) ያንኑ ስም ሰጠው። አሁን ፕሮቶኮሉን የሚፈልግ ሰው «ፕሮቶኮል» የሚለውን ካልጨመረ ጉግል ውስጥ ይሰምጣል። «ጎ» የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋም ሰው «ጎላንግ» እያለ ነው የሚፈልገው።

«ሞክሼ» የመጣልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ድሮም ሞክሼ ነው የምንላቸው። ስመ ተመሳሳይ ሰዎችም ሞክሼ ይባባላሉ። ሞ፣ ክ፣ ሼ፤ አንዱም ሌላ አጻጻፍ የለውም። ብቻውን እንዳይቀር «ፈላጊ»ን ጨመርኩበት፤ ሥራዋንም ይናገራል። ለእህቴ ስልክ ደወልኩና ስሙን አንዴ ብቻ ነገርኳት። ጻፈችው፣ ልክ ነበር። በላቲን ግን አልተሳካልኝም፤ የመጨረሻውን ድምፅ አንዱ በኢ (e)፣ ሌላው በአይ እና ኢ (ie) ይጽፈዋል። ሁለቱንም መግለጫው ላይ አስገብቼ ተውኩት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከውጭ ስሙን ቀየርኩ እንጂ ከውስጥ ኮዱ እስካሁን «ለገሃር» ነው የሚለው። ብቀይረው ቀድመው የጫኑት ሰዎች ፕሮግራም ይበላሻል። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው አባቴ ነው፤ ስክሪኔ ላይ ያንን ቃል ሲያይ ፊቱ ይፈካል።