ጠያቂ በማይጠፋበት ቤት የደም ካንሰር ያለባትን ልጄን ሳስታምም

የአራት ዓመት ልጄ የደም ካንሰር እንደያዛት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲነገረን፣ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅና አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ቤት እንደሆነ ሐኪሟ አስረዱን። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። የአዲስ አበባው ምልልስ ቢከብድም መላ አለው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅት ማረፊያ ይሰጣል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ቤቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ትኩሳት። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ካንሰሩን ሲገድል ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴልም ያወርደዋል። ሴሉ ባነሰበት ሰሞን ልጅ ሌላ ምልክት ሳይታይባት፣ ትኩሳት ብቻ ይዟት፣ በሰዓታት ውስጥ ልትደክም ትችላለች። ስለዚህ ቴርሞሜትር ከራስጌዋ አይጠፋም። የምለካው በብብቷ ነው፤ በመቀመጫ መለካት ክልክል ነው። 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሆስፒታል እንደደረሰች በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

እኛ ዘንድ ግን ልጅን ሲያተኩሳት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅላታል። እኔም ያደግሁት በዳማከሴ ነው፣ አልንቀውም። ኬሞ ላይ ላለች ልጅ ግን የምትባክነው ሰዓት ሕይወቷ ናት። ትኩሳቱን ስለሚደብቀው ሐኪም ሳያያት ፓራሲታሞልም አልሰጣትም። ሌሊት የሐረጎን ዳገት አሻግሮ ደሴ ሆስፒታል የሚያደርሰን ባለ መኪና ጎረቤት አስቀድሜ አነጋግሬያለሁ። የበሽታዋን ስምና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች የያዘው የሐኪም ወረቀት ሁልጊዜ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ተረኛው ሐኪም ልጄን ላያውቃት ይችላል፤ ወረቀቱን አይቶ ግን ወዲያው ሥራውን ይጀምራል።

በጣም የከበደኝ የጠያቂ ነገር ነበር። ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ባዶውን አያድርም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጅቷን ሳይስሙ መውጣት ነውር ነው። እንዴት ብዬ «አትግቡ» ልበል? የሰፈሩ ሰው ወደሚሰማቸው ሼህ ሄጄ ሐኪሟ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ዱአ ግድግዳ አያግደውም፤ ግቢ ሆነን እናደርስላታለን» አሉኝ። ሰፈሩንም እሳቸው አስረዱልኝ። ከዚያ ወዲህ ቡናው ግቢ ይፈላል፣ እሷም በመስኮት ታወራቸዋለች። ወደ ውስጥ የሚገባው ጉንፋን የሌለበት፣ እጁን በሳሙና የታጠበ ሰው ብቻ ነው። አንዲት እትዬ «ጠላሽን እንዴ?» ብለው አዘኑብኝ፤ የልጄን ወተት የማፍላቱን ሥራ እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። አሁን ከእኔ በላይ ጠባቂዋ እሳቸው ናቸው። ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ የሚሠራው ነገር ስጡት።

ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የተሠራ እርጎና ጥሬ ሥጋ ለእሷ አይቀርብም፤ ውሃውም የፈላ ነው። አፏ ሲቆስል በርበሬ ይቀርና አልጫና አጥሚት ይሆናል፤ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ ጨው ጨምሬበት ታጉመጠምጣለች። ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት በምትወስድበት ሰሞን ሌሊት ተነስታ ምግብ ትጠይቃለች፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። መድኃኒቱ ነው፣ ቅብጠት አይደለም። አባቷ ተነስቶ ያበላታል፣ አይቆጣትም።

በቤት ከሚሰጡት ክኒኖች ሜርካፕቶፑሪን በየማታው ነው። ሜቶትሬክሴት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተሰጠ ይመርዛል። ቀኑ ለማንም እንዳይጠፋ ጁምአ አደረግነው። ክኒኑን በጓንት እይዛለሁ፤ ነፍሰ ጡሯ እህቴ እንድትነካው አልፈቅድም።

ወንድሞቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ ይታጠባሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ። የፖሊዮ ጠብታ ሕይወት ያለው ክትባት ስለሆነ፣ ዘመቻው ቤት ለቤት ሲመጣ ሐኪሟን ሳልጠይቅ ለእሷም ለወንድሞቿም አላሰጥም፤ ይህንን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ወንድሞቿ ክፍል ውስጥ ጉድፍ ወይም ኩፍኝ የያዘው ልጅ አለ ከተባለ ደግሞ ሽፍታ እስኪወጣባት አልጠብቅም፤ በሰማሁበት ሰዓት ለሐኪሟ እደውላለሁ።