ጥፋቱ የባሩዱ መስሎኝ ነበር

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ስገዛ ከባሩዱ መጠን በስተቀር የሚያስጨንቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ለቅባት ያዋልኩት ከመሣሪያ ሳጥኔ ያገኘሁትን የማሽን ግሪስ ነው። ጨርቁን እቀባለሁ፣ ድብልብሉን የእርሳስ ጥይት በእሱ ጠቅልዬ በዘንግ ወደ በርሜሉ እገፋለሁ፣ እተኩሳለሁ።

ሦስቱ ተኩሶች መልካም ነበሩ። በአራተኛው ዘንጉ ከበደኝ። በአምስተኛው ጥይቱ ከባሩዱ ላይ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ወደ ታችም ወደ ላይም እንቢ አለ። ተኩሼ ላውጣው የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር። ባለማድረጌ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በጥይቱና በባሩዱ መካከል ክፍተት ካለ በርሜሉ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። መቀጣጠያውን አንሥቼ፣ ባሩዱን በውሃ አርሼ፣ በዘንግ ጫፍ በሚገጠም ብሎን ስቤ ሳወጣው ቀኑ መሸ።

በማግሥቱ ባሩዱን ከ70 ግሬን (ባሩድ የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው) ወደ 60 ቀነስኩ። ጥይቱ እንደገና ከበደ። አንድ አንጋፋ ተኳሽ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ባሩዱን ተወውና የተኮስክበትን ጨርቅ ፈልገህ አምጣ» አለኝ። ከአፈሙዙ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ወድቆ አገኘሁት። መሐሉ ተቃጥሎ ተበስቷል፤ ዳሩ ላይ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ተጋግሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ግሪስ ሲጨመርበት ደግሞ ያ ዝቃጭ ወደ ሬንጅነት ይለወጣል፤ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ቦዮችም ይደፍናል። የንብ ሰም፣ ሞራና የወይራ ዘይት ግን ዝቃጩን አለስልሰው ያቆዩታል። እኔ አንድ እጅ ሰም ከሦስት እጅ ሞራ ጋር አቅልጬ ቀላቀልኩ። ሞራው ጨው ያልነካው መሆን አለበት፤ ጨው ብረት ይበላል። ጨርቁም ንጹሕ ጥጥ ይሁን፤ ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጣል።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ባሩዱ መጠን ማሰብ ትርጉም ያገኘው። ጠመንጃዬ 0.50 ኢንች ነው፤ ጥይቱ 0.490፣ ጨርቁ 0.015 ውፍረት አለው። አምራቹ ከፈቀደው ጣሪያ ሳላልፍ ከ50 ግሬን ጀምሬ አምስት አምስት እየጨመርኩ፣ በየመጠኑ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። 65 ላይ አምስቱም ቀዳዳዎች በመዳፌ የሚሸፈኑ ሆኑ። 80 ላይ ቀዳዳዎቹ ተበታትነው ዒላማው ወንፊት መሰለ፤ ትከሻዬም ታመመ፤ ጨርቁም ተቀደደ። ብዙ ባሩድ ማለት ዒላማን አጥርቶ መምታት ነው ብሎ የሚያምን ካለ ትከሻዬን ይጠይቅ። ጭስ አልባ ባሩድ ግን በእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ለሙከራም አይታሰብም። ባሩዱንም ከሚያዝበት ቀንድ በቀጥታ ወደ በርሜሉ አላፈስም፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረች አንዲት ፍም ቀንዱን እጄ ላይ ልታፈነዳው ትችላለችና በመስፈሪያ እሰፍራለሁ።

አሁን በየተኩሱ መሐል እርጥብ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አስገብቼ አወጣለሁ። በዘንጉ ላይም ጥይቱ ባሩዱን ሲነካ የሚደርስበትን ቦታ በቢላዋ ጭሬ ምልክት አድርጌያለሁ፤ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር ካልተስተካከለ መቀጣጠያ አላስቀምጥም። ብርድ ሲመጣ ቅባቱ ስለሚጠጥር የወይራ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ስንት ጠብታ እንደሚበቃ ገና እየሞከርኩ ነው፤ ባለፈው ሳምንት አብዝቼው ባሩዱን አርሶብኝ ሁለት ጊዜ ከሽፏል።