ሻካራ ክንድ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ብርዱ ጠንክሯል። ሌሊት የሚጥለው ውርጭ እስከ ረፋድ አይለቅም፤ ነፋሱም ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። እንዲህ ባለው ወቅት ከትከሻዬ በታች ያለው የክንዴ የውጭ ገጽ ይሻክራል። ችፍ ችፍ ያለ፣ እንደ ተነጨች ዶሮ ቆዳ የሚቆረቁር ነገር ነው። አያምም፤ እምብዛም አያሳክክም። እናቴም አላት፤ መንዝ ያደገችው አያቴም እንደነበራት ትናገራለች። አሁን ደግሞ በእህቴ ልጅ ላይ ወጥቷል፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ናት። በስፖርት ክፍለ ጊዜ እጅጌዋን ስትሰበስብ አንዲት የክፍሏ ልጅ አይታ፣ «ገላሽን አትታጠቢም እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ በክፋት ያለችው አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ ግን ቤት ገብታ የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ አንሥታ ክንዷን እስኪደማ ፈግፍጋዋለች። ያን ክንድ ሳይ አንጀቴ ተቃጠለ።

በእኛ አገር «አትታጠብም» ቀላል ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ገላ መታጠብ ማለት ውኃ ቀድቶ፣ አሙቆ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ መፈለግ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተቋቁማ ንጹሕ ሆና የሄደች ልጅ በሰው ፊት ቆሻሻ ስትባል ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፦ ይህ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም። ከመታጠብ ማነስ አልመጣም፤ በመፈግፈግም አይለቅም። ሲፈገፍጉትማ ይቆጣል፤ ቁጣው ሲበርድ ደግሞ ጠባሳው ጠቁሮ ይቀራል።

ሐኪሞች ኬራቶሲስ ፒላሪስ ይሉታል። ኬራቲን የቆዳችንን የላይኛ ሽፋን፣ ጸጉራችንንና ጥፍራችንን የሚያጠነክር ፕሮቲን ነው። በእንዲህ ዓይነት ቆዳ ላይ ኬራቲኑ ጸጉር በሚወጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ ይከማችና ትንሽ ጠጣር ውታፍ ይሆናል። እያንዳንዷ ችፍታ አንድ የተወተፈ ቀዳዳ ናት፤ አንዳንዴም ከሥሯ መውጫ ያጣች የተጠቀለለች ጸጉር ትገኛለች። ክንድና ጭን ላይ ይበዛል፤ መቀመጫ ላይ፣ በልጆች ደግሞ ጉንጭ ላይም ይወጣል። በፈካ ቆዳ ላይ ቀላ ብሎ ይታያል። በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነጥብ ስለሚሆን ነው፣ ይመስለኛል፣ ለሚያየው ሁሉ እድፍ የሚመስለው።

በቤተሰብ ይወረሳል እንጂ በመነካካት ወይም ልብስ በመዋዋስ አይተላለፍም። ቆዳቸው በተፈጥሮው በሚደርቅና ችፌ ወይም አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። የሕክምና ጽሑፎች በጉርምስና ዕድሜ ካሉ ልጆች ከ50 እስከ 80 በመቶ በሚሆኑት፣ ከአዋቂዎችም 40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገምታሉ። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ቀና ብላ፣ «እንግዲያው ከክፍላችን ግማሹ አለበት ማለት ነው፣ እትዬ?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በሹራብ ተሸፍኖ ነዋ።

ጣርማ በርን አልፌ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ስሰነብት ክንዴ ይለሰልሳል። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀት ነው፤ ሹራብም አያስፈልግም። ወደ ደጋው ስመለስ እንደ ድሮው ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ስለሆነ ቆዳን ያደርቃል፤ በላዩ ሻካራ ሱፍ ሲፈትገው ይብስበታል። እኔ ከሱፍ ልብስ ሥር ሁልጊዜ የጥጥ ልብስ እለብሳለሁ። ሌሊት ባና ስደርብም በመካከል ነጠላ ወይም አንሶላ አደርጋለሁ።

በብርድ ቀን የሚፋጅ ውኃ እንዴት ደስ እንደሚል የማያውቅ የለም። ነገር ግን የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት አጥቦ ይወስዳል። ለብ ያለ ውኃ፣ አጭር ጊዜ፣ ሽታው የማይበረታ ሳሙና፤ ከዚያ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ እንጂ አለመፈተግ። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሳይውል ሳያድር ማለት በደቂቃዎች ውስጥ፣ መቀባት። ቅባቱ ውድ መሆን የለበትም። ቫዝሊን ይበቃል፤ ያ እርጥበት እንዳይተን ይከድነዋል። ደርቆ ከቆየ በኋላ የተቀባ ቫዝሊን ግን ያን ያህል አይረዳም። ሰው ሁሉ የሚቀባው ለብሶ ሊወጣ ሲል ስለሆነ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ውታፉን የሚያለሰልሰው ሌላ ነው። ከፋርማሲ ዩሪያ ያለበት ቅባት ይገኛል፤ ለዚህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለው ነው። እናቴ ስሙን ስትሰማ ደንግጣ፣ «ማሳ ላይ የሚበተነውን?» አለች። ገበሬ ቤት ለተወለደ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ነው፤ ሰውነታችንም ራሱ ይሠራዋል፤ በቆዳችን ውስጥ እርጥበት ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ነው። የመድኃኒቱ ግን ተጣርቶና ተለክቶ የተዘጋጀ ነው። ማዳበሪያውን በጥብጦ የሚቀባ ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ። ላክቲክ አሲድ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ያለባቸው ቅባቶችም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ለልጆች ሲሆን ግን ሐኪምን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሬቲኖይድ የሚባሉትን፣ ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆኑትን ቅባቶች ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት ልትነካቸው አይገባም። እነዚህ ሁሉ የተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ የእህቴ ልጅ ቁስሏ እስኪድን ቫዝሊን ብቻ ነው የምትቀባው።

ለውጡ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ ሲያቆሙት ይመለሳል። ይህን ከመጀመሪያው ነግሬአታለሁ፤ ታምር ጠብቃ ተስፋ ቆርጣ የጣለች ልጅ ቀጥሎ የምትሄደው ወደ ቆዳ ማንጫ ክሬም ነውና። እዚህ ላይ ንዴቴን መደበቅ አልችልም። በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት መካከል ስቴሮይድ የሚባለው፣ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ያለባቸው አሉ። ለጥቂት ቀን ቆዳውን ያለሰልሱታል፣ ያፈኩታል፤ ሲውሉ ሲያድሩ ግን ያሳሱታል፣ ሸንተረር ያወጡበታል፣ ቡግር ያመጡበታል። ምንም ጉዳት የሌለውን ችፍታ በማይድን ሸንተረር የሚለውጥ ንግድ ለእኔ በደል ነው።

ሻካራ ነገር ሁሉ ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክና ቤተሰቡን ሁሉ የያዘ ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል መታከም አለበት፤ ይተላለፋልም። ክርንና ጉልበት ላይ ሻካራ ችፍታ ያወጣ ልጅ ሲመሽ ማየት ካቃተው፣ ማለትም ዳፍንት ከያዘው፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነውና ጊዜ ሳይሰጡ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። መግል የያዘ ወይም የሚያም ከሆነም እንዲሁ።

ትናንት ማታ ክንዷን ስቀባላት፣ «ይጠፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በብዙ ሰው ላይ ዕድሜ ሲገፋ እንደሚቀንስ ነገርኳት። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰጠቻት፤ ልጅቷም ዳሰሰችው። ጥቂት ይሻክራል፤ ከእኔ ግን በጣም ይሻላል። «ታዲያ አንቺ አያትሽን መስለሽ ነው» አለቻት እናቴ።

ሰኞ ትምህርት ቤቷ እሄዳለሁ። የባዮሎጂ መምህሯ ስለ ቆዳ ሲያስተምሩ ይህንንም እንዲያነሡት እጠይቃቸዋለሁ፤ የማንንም ልጅ ስም ሳይጠሩ።